ቀረ ወይስ ቀረ?

ሰኞ፣ ኅዳር 27 ቀን 2008፣ ሱሉልታ

ቲቸር ስምዖን ስለ ድሮ እንግሊዝ አገር ገበሬዎች አስተማረን። ላም የሚያግዱበት የጋራ ሜዳ ነበራቸው። ሀብታም አጠረባቸው። ሜዳው ሲታጠር ሜዳ ላይ ቀሩ... ክፍሉ ውስጥ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ለአያቴ ለአባባ ጃራ ነገርኳቸው። ላማችንን ቡሬን እያለቡ ነበር።

«ሽማግሌ አልነበራቸውም?» አሉኝ።

የኛዎቹን ዓይነት ከነበራቸው... ስብሰባው ሳያልቅ አጥሩ አልቋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

ጨፌያችን ታጠረ! የሰፈሩ ላም ሁሉ የሚግጥበት መስክ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነው አሉ። እንግሊዝ በሁለት ቀን ሱሉልታ ደረሰች?

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ማን ይናገር በሚለው ሲከራከሩ መሸ።

ሣር ከሌለ ቡሬ ልትሸጥ ነው። እኔን ቢሸጡ አይሻልም? ወተት ባልሰጥም ብዙ አልበላም። (እሺ... እበላለሁ።)

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ትምህርት የለም። ማስተር ፕላኑን በመቃወም መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ፖሊሶች የጎረቤታችንን ልጅ አብዶን ይዘውት ሄዱ። ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 4

አብዶ ተፈታ! ሬዲዮውም «ማስተር ፕላኑ ቀርቷል» አለ። ጎረቤታችን ኦቦ አበራ ሊጨፍሩ ሲነሱ አባባ አስቆሟቸው።

«ቀርቷል ማለት የለም ነው ወይስ አለ?»

ሳቅኩ። ከዚያ አሰብኩት... ሰው ከሠርግ ቀረ፤ የለም። ወጥ ድስት ውስጥ ቀረ፤ አለ። ኦቦ አበራ በኦሮምኛ እንበለውና ይለይልን አሉ። «ሀፌ።» እሱም ሁለቱንም ማለት ነው!

ሲከራከሩ ቆይተው አጥሩን ለማየት ሄዱ።

አጥሩ ቀርቷል። ማለቴ... አለ።

እሑድ፣ ጥር 8

አንድ የከብት ነጋዴ ነገ ቡሬን ገዝቶ ሊወስድ ይመጣል። ውሃ ላጠጣት ስወስዳት ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ሚስማሩ ላልቶ አየሁ። እኔ አልነካሁትም። (በትከሻዬ ገፋ አድርጌው ይሆናል።)

ሰኞ፣ ጥር 9

ቡሬ አጥሩ ውስጥ፣ ሆዷ ድረስ ሣር ውስጥ። አባባ ዘበኛውን ዘርሁንን ላሜን አስወጣልኝ አሉት። ያለ መውጫ ወረቀት ከዚህ ግቢ ምንም አይወጣም አላቸው። ወረቀቱን ማን ይሰጣል? አያውቅም።

«ወተትስ?» አሉት አባባ።

ዘርሁን ብዙ አሰበ። ስለ ወተት የነገረው ሰው የለም። አንድ ኩባያ ለሱ ከተረፈ... ችግር የለውም።

ነጋዴው ገመዱን ይዞ መጣ። «ላሟስ?» አለ። አባባ የላላውን ቆርቆሮ አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ረጅም አስተያየት። ከዚያ ወደሱ ዞሩ።

«ቀረች» አሉት።

የትኛው ቀረች እንደሆነ ሳይጠይቅ ሄደ።