ሰኞ ሰኞ ደጅዎ ላይ ስለምትቆመው ሴት

ለክቡር ሴናተር ኤሊጂዮ ባርባንዶ
የግብርና ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የድሃ ገበሬ ጠበቃ፣ የግራ ዘመሙ ፓርቲ ዓምድ
ባሉበት

ሐሙስ ኅዳር ፬ ቀን፣ ባተርሲ፣ ለንደን። ከቀትር ጀምሮ ያላባራ ካፊያ፣ ጃንጥላ የሚገለብጥ ነፋስ። በአዳራሹ የነበሩት፦ ንግግር ሊያደርጉ ከሮም የመጡት እርስዎ፣ ቃልዎን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱት አስተርጓሚ፣ ስለ ምግብና ስለ መሬት የሚጨነቁ ደህና ደህና የለበሱ ሰዎች፣ በመጨረሻው ረድፍ ደግሞ እኔና ከሃክኒ ሰፈር ጎትቼ ያመጣኋት ጓደኛዬ ሰናይት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ክብርት ባለቤትዎ፣ የወይራ ዛፎችዎ፣ በንግግርዎ መካከል ያስቸገረዎት ጉሮሮዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሐሙስ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ ካለመቻሌ በቀር። ይህንንም የምጽፍልዎ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነውና የፊደሌን መዛነፍ ይቅር ይበሉኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልገባሁም፤ የአማርኛ ንባብን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ጣልያንኛን ከቲማቲም ሣጥን፣ እንግሊዝኛን ከአውቶቡስ ማስታወቂያ ነው የለቀምኩት።

የሹመት ታሪክዎን ሲነግሩን ተመስጬ ሰማሁ፤ ከገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊነት ወደ አውራጃው ግብርና ኃላፊነት፣ ከዚያ ወደ ፓርላማ፣ ከዚያ ወደ ምክትል ሚኒስትርነት፣ አሁን ወደ ሴናተርነት። ታሪኩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እዚያው እርስዎ አገር ያለችው እህቴ አይናለም እያንዳንዱን ሹመት በስልክ ስታበስረኝ ኖራለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በሹመትዎ ቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የአውራጃው ግብርና ኃላፊ ሳሉ፣ ከከተማዎ ከፎጂያ አጠገብ እኔና አይናለም ቲማቲም እየለቀምን ወደምንኖርበት የቆርቆሮ ሰፈር ጭቃውን ሳይጸየፉ ስለመጡ አመሰግናለሁ። አይናለም የመኖሪያ ወረቀት እንደሌላት ስትነግርዎ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው “የአንቺን ጉዳይ ለእኔ ተይው” አሏት። እኔ ትዳር ይዤ ወደ ለንደን ተሻገርኩ፤ እሷ ቃልዎን ይዛ ቀረች።

፪. በዚያው ዓመት መንግሥትዎ ወረቀት ለሌላቸው የእርሻ ሠራተኞች ምዝገባ ሲከፍት ጓደኞቿ ሁሉ አፕላይ አደረጉ፤ እሷ አላደረገችም። ነውር ሆኖባት ነው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው “ለእኔ ተይው” ካለ በኋላ ሌላ ሰው ዘንድ መሄድ ሰውየውን ቃለ አባይ እንደ ማለት ነው። የሚደረገው ደጅ መጥናት ነው፤ ታጥቦ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ጌታው በሚያልፍበት ቆሞ እጅ መንሣትና ዝም ማለት። ደግሞ መጠየቅ ነዝናዛነት ነው፤ ፊትን ማሳየት ይበቃል። ምዝገባው ተዘጋ። ወረቀት ያገኙት ጓደኞቿ ሰፈሩን እየለቀቁ ሄዱ። እርስዎም ፓርላማ ገቡ፤ እንኳን ደስ አለዎ።

፫. ሰኞ ሰኞ ከሮም ሲመለሱ በቢሮዎ ደጅ ቆማ ሲያገኟት ባርኔጣዎን ስለሚያነሡላት አመሰግናለሁ። ባርኔጣው በተነሣ ቁጥር “ጉዳዬ እየሄደ ነው” ትለኛለች። ድምፅ መስጠት ስለማትችል ለገብርኤል ጧፍ ተሳለችልዎ፤ ምክትል ሚኒስትር ሲሆኑም ስለቷን አስገባች። ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ጎንበስ ብላ መልቀም እያቃታት ነው፤ ያለ ወረቀት ደግሞ ሌላ ሥራ የሚሰጣት የለም። “ኧረ አንድ ጊዜ አስታውሺው” ብላት፣ “አንቺ ለንደን ገብተሽ ሥርዓት ረሳሽ” ብላ ትቆጣኛለች።

፬. ከሁሉ በላይ ሐሙስ ምሽት ስለተናገሩት አመሰግናለሁ። ቃልዎ ይህ ነበር፦ “በቢሮዬ ደጅ ሰኞ ሰኞ የምትቆም አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች። አንድም ቀን ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። ሰላም ልትለኝ ብቻ ነው የምትመጣው። በፖለቲካ ሕይወቴ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት አላገኘሁም።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ሰናይት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ “እኔ ለመንግሥት ቤት ብዬ ካውንስል ደጅ ስንት ዓመት ቆሜ፣ አፈቀረችን ብሎ ያጨበጨበልኝ የለም” አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

እጄን አነሣሁ። በሰው ፊት ተናግሬ ስለማላውቅ ማይክሮፎኑ ሲደርሰኝ የወጣኝ “ምን እንደምትፈልግ ጠይቀዋት ያውቃሉ?” የሚለው ብቻ ነበር። እርስዎም በአባትነት ፈገግታ “እመቤቴ፣ አንዳንድ ፍቅር ጥያቄ አያስፈልገውም” ብለው መለሱልኝና ማይክሮፎኑ ወደ ሌላ ሰው አለፈ። እዚያ ያልወጣኝን እነሆ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ ልበለው፦ እህቴ ናት። ሽልማትዎ አይደለችም፤ ባለጉዳይ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ክፉ ሰው ነዎት ብል ይቀለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቃሉን ይክዳል። እርስዎ ግን ቃል መስጠትዎን ረስተው መጠበቋን ወደዱት።

ለሚቀጥለው ሹመትዎ ከወዲሁ እንኳን ደስ አለዎ እያልኩ፣ በክብርዎ ፊት ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ደጅዎ ምንም በማይጠይቁ ወዳጆች እንዲሞላ ከልብ የምመኝልዎ፣

ብፅዓት ካሳዬ
ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ ለንደን

ማሳሰቢያ፦ በመጪው ሰኞ ደጅዎን ባዶ ቢያገኙት ታማለች ብለው እንዳይጨነቁ፣ አርብ ጠዋት የሆነውን ልመዝግብልዎ። ወደምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ከመውጣቴ በፊት ለአይናለም ደወልኩና ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት። መልሳ ጠየቀችኝ።

“ሰላም ልትለኝ ነው አለ?”

“አዎ።”

“በሰው ፊት?”

“እያጨበጨቡለት።”

አሁን የተከፈተው አዲሱ ምዝገባ በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ፣ የሠራተኞች ማኅበሩ ጠበቃም አርብ አርብ ባለጉዳይ እንደምትቀበል ነገርኳት። “ነውር አይሆንብኝም?” አለችኝ። “ነውሩ የማን ነው?” አልኳት። ጫማዋን ስታጠልቅ ተሰማኝ። እሷ በእግሯ፣ እኔ በአውቶቡስ፣ መንገዱን ሁሉ ስልኩን ሳንዘጋ ሄድን። የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ፤ አልወረድኩም። ጠበቃዋ ቢሮ ስትደርስ እንደ ልማዷ ደጁ ላይ ቆመች፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።

“አትቁሚ” አልኳት።

አንኳኳች።