አባትሽን የከለከልኩት ዘይት

ማህዲያ፣ ህዳር 9

ራዲያ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

አባትሽ በሕይወት አለ፤ እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ማክሰኞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከመስጊድ ሲመለስ የደጃችንን ደረጃ ስቶ ወደቀ። አርባ ዓመት የወጣበትን ደረጃ! መሬት ላይ ሆኖ፣ "መኑቢያ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?" አለኝ። መብራቱ እኮ በርቷል። ደግፌ አስገባሁት።

በማግስቱ ስፋክስ ከተማ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ምላሷ ግን አይጣል ነው። ደሙንም ምኑንም አስመረመረችና፣ ቆሽቱ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ አያመነጭም፣ የበላው ሁሉ እንዲሁ ያልፋል አለች። በጨለማ ለማየት የሚረዳው ቫይታሚን ኤ ተሟጧል፤ የአጥንቱ ቫይታሚን ዲም እንዲሁ።

"እነዚህ ከቅባት ጋር ነው ሰውነት ውስጥ የሚገቡት። አባባ ዘይት አይበሉም እንዴ?"

እኔ ሞኟ ኮራ ብዬ፣ "ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ አላስነካሁትም! በበላ ቁጥር ተቅማጥ ያጣድፈው ነበራ!" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እማማ፣ በረሃብ ሊገድሏቸው ነበር እኮ! ማነው እንዲህ ብሎ የመከረዎት?"

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ልኩል ብዬ ዓይን አጠፋሁ። ዕድሜውን ወይራ ሲጨምቅ የኖረን ሰው በደረቅ ዳቦ! እሱ ደግሞ እንደዚያ እየከሳ አንድ ቀን እንኳ "ኧረ ራበኝ" አላለም።

"ማንም አልመከረኝም፣ ከራሴ ነው" አልኳት። አባትሽ ዞር ብሎ አየኝ።

አሁን ከምግቡ ጋር የሚውጠው፣ የቆሽቱን ፈሳሽ የሚተካ እንክብል ታዞለታል። እሱን እየዋጠ ዘይት ይብላ ተብሏል፤ ቫይታሚኖቹንም ጀምሯል። ዓይኑ ይመለሳል አለችኝ፤ አጥንቱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ትናንት ከወይራ መጭመቂያው አዲስ ዘይት አመጡለት። ዳቦውን ነክሮ ሲጎርስ አገጩ ላይ ፈሰሰ፤ እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀብኝ።

ያን ተቅማጡ ሲጀምረው ከማርሴይ የላክሽልኝን፣ የሚበላውንና የማይበላውን የጻፍሽበትን ወረቀት ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንስተነዋል። ግድግዳውን ኖራ ልንቀባ ስለሆነ ነው። አንቺ በደንብ ነው የጻፍሽው፣ እኔ ነኝ አሳስቼ ያነበብኩት። ልጥለው ስል አባትሽ በደህና እጁ ነጠቀኝ። "የልጄ እጅ ጽሑፍ እኮ ነው" ብሎ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እንቅልፍሽን ጤናማ ያድርገው። አደራ፣ አታልቅሺ።

እናትሽ መኑቢያ