ለወንበሩ የሚሆን መኪና

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ አዋሳ

ዛሬ መኪና መረጥን። ባሌ ታደሰ ግንባር ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ፈንጂ እግሮቹን ወሰደበት፤ ቤት ከተመለሰ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ውጭ አገር ታክሞ ሲመለስ ይዞት የመጣው ባለ ሞተር ወንበር ለሸክም አይመችም፤ መኪና ላይ የሚጭነው ማንሻ አለው፣ ማንሻው ደግሞ የሚታሰርበት መኪና ይፈልጋል።

ነጋዴው ጋሽ ኸይሩ ሁለት መኪና ደጃችን ድረስ አመጡልን። አንደኛዋ ቆንጆ የቤት መኪና ናት፤ ወንበሩ ግን በየትኛውም በሯ አልገባም። ሁለተኛዋ ሸራዋ የተቀዳደደ አሮጌ ፒካፕ ናት። ማንሻውን ኋላዋ ላይ አስረን ሞከርነው። ወንበሩን አንጠልጥሎ ሲያስገባው ጎረቤቱ ሁሉ አጨበጨበ።

«እሰይ! ሹፌርስ ከየት ልታመጡ ነው?» አሉ ጋሽ ኸይሩ።

ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ጋቢና ግቢና ፍሬኑን ርገጪው።»

መሪ ጨብጬ አላውቅምና ሳቄ መጣ። ገብቼ ስቀመጥ እግሬ ፍሬኑ ላይ በደንብ ደረሰ፤ ረገጥኩት።

«በቃ፣ ይቺን እንወስዳለን» አላቸው።

ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ቦታውን ሲለቅልኝ ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ነገ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሊያስተምረኝ ነው። ፈርቻለሁ።

ለካ እኛ ወንበሩን ስንለካ እሱ እኔን ይለካ ኖሯል።