በሩ ላይ ድርቅ ያሉት ሽማግሌ

ዱኒያዬ፣ ፊርዶስ ነኝ፣ ወላሂ የዛሬን እንኳን እመኚኝ! ስልክ ስላላነሳሽ ነው ይህን ካርድ ጽፌ በሚኒባሱ ሹፌር የላክሁልሽ። እዚህ ድሬ፣ አክስቴን ያመጣሁበት ሆስፒታል፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ በሩ ላይ እግራቸው አልነሳ ብሎ ድርቅ አሉ፣ ልክ እንደ አባትሽ! ልጃቸው ሊጎትታቸው ሲል ነርሷ «ተው፣ ትጥላቸዋለህ!» ብላ ጮኸችበት። ዱላቸውን ከእግራቸው ፊት መሬት ላይ አጋደመችና «አባባ፣ ይሻገሩት» አለቻቸው። አቦ፣ ተሻግረው ሄዱ! ክው ብዬ ቀረሁ። እኛ ጋ ጂን ያዛቸው እንላለን፣ እሷ ግን «ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው፣ የሚሻገሩት ነገር ፊታቸው ሲያዩ እግራቸው ይፈታል፣ የሚያግዝ መድኃኒትም አለው» አለችኝ። አጎትሽ ዛሬ ማታ የአባትሽን ጂን በአለንጋ አስወጣለሁ ብሎ የለ? በአላህ፣ እንዳታስነኪያቸው! ወደዚህ አምጪያቸው። ቦታ አለቀብኝ፣ እማማን ሳሚልኝ። ሳይመሽ ደውይልኝ፣ እባክሽ ሳይመሽ!