የሮማ ገበሬና የልጄ ማሳ

ጥቅምት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ወረታ

ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገመድ ይዞ መጣና በዘመተው ልጄ በአዱኛ ስም የተመራውን፣ ቁሐር ያለውን ማሳ ለካ። የክረምቱ ውሃ ከማሳው ገና መሸሹ ነው፤ ሽምብራ ልዘራበት ነበር።

«እትዬ፣ ባለቤቱ የለም። ለሌላ አራሽ ይሰጣል» አለኝ።

«እንግዲያው ተዝካሩን ላውጣ» አልሁት።

«ኧረ ቀስ ይበሉ! ከጦሩ ደብዳቤ ሳይመጣ ዘማች ሞተ ማለት የጠላት ወሬ ነው።»

ከልጄ ጋር የዘመተው ጓደኛው ግን አንድ እግሩን አጥቶ ሲመለስ፣ በእጄ ቀበርሁት ብሎ ነግሮኛል።

«ከሞተ ልደግስለት፤ ካልሞተ ገመድህን ሰብስብ!» ብዬ ጮኽሁበት። ሰው እየሰማ ሳቀብኝ።

ቤት ገብቼ የልጄን የታሪክ ደብተር አወጣሁ። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ፊደል እየለቀምሁ አነበብሁት። ሮማ በገበሬ ልጆች ጦር ገነነች ይላል። እነሱ ሩቅ አገር ሲዋጉ መሬታቸውን ባለጸጎችና ሹሞች ወሰዱባቸው። ብዙ ዘመን ቆይታ ሮማም ወደቀች። ከሥሩ መምህሩ በቀይ «ጥሩ ነው» ብሎለታል።

ምኑ ነው ጥሩ? ይህን ያስተማረ መምህር፣ ተማሪዎቹን ለጦርነት በመኪና ሲጭኗቸው ቆሞ አየ። ሮማ እስክትወድቅ ድረስ እናቶቹ ምን እንዳደረጉ አንድ መስመር አልተጻፈም። እኔ ግን አልጠብቅም። ጌሾውን ወቅጫለሁ፤ ለቄሱም መልእክት ልኬያለሁ። ሊቀመንበሩ ከፈለገ ድግሱ ላይ መጥቶ ልጄ አለመሞቱን ለሰው ይንገር።