የግቢው ውሃ ቁልፍ

እህት ዓለም፣
ሥራ ረፍዶብኝ ወጣሁ። ሾርባሽን አሙቂና ጠጪ፤ ባልዲውን ሞልቼልሻለሁ።

የግቢውን ውሃ ቁልፍ አንቺ ስትይዢ፣ ጎረቤት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲልሽ፣ በቅናት አንጀቴ ሲያር ከረመ። ታመሽ ለእኔ ስትሰጪኝ፣ ለልብስ ሰፊዋ "እባክሽ" እስክትለኝ ድረስ አልከፈትኩላትም። ደግሞ ሲጥም! በማግስቱ ጎረቤታችንን እማማን በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ደጅ አስጠናኋቸው።

"ቁልፉ ነው ያበላሸሽ" ብለሽ እንዳታዝኚልኝ። ቁልፍማ ብረት ነው፤ የከለከለው እጄ ነው። አንቺም እኮ ዓመት ሙሉ ይዘሽዋል፤ ማንንም አላስለመንሽም። ከሁሉም የሚያስቀናኝ ይሄ ነው።

ሌላውን ስመለስ።

ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አትፈልጊው። ልመልስልሽ ብዬ ሁለቴ ሰቅዬው ነበር።
ኪሴ ውስጥ ነው።