የጎረቤት በር ሲከፍት ስለተያዘው ልጄ

ለተከበሩ የጣቢያችን አዛዥ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኔ ጉልበት እንደ ሰዎችዎ ሆኗል፤ ስፈልገው አይታዘዘኝም፣ ሳልጠራው ይነሣብኛል።

ልጄ ቁልፍ ሠሪ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ነርሷ ቁልፏን ውስጥ ትታ በሩ ቢዘጋባት አስጠራችው፤ ተንበርክኮ ሲከፍትላት ሰዎችዎ ደረሱ። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከጥያቄ በፊት በጥፊ ስለጀመሩ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ጊዜ ይፈጃል። ነርሷ ቤቱ የእኔ ነው፣ የጠራሁትም እኔ ነኝ እያለች ብትለምን፣ አንደኛው «ሌባ ሁሉ ቁልፍ ሠሪ ነኝ ይላል» ብሎ ፈረደ። በፖሊስ ደመወዝ ዳኛ ማግኘት ለአገር ትልቅ ቁጠባ ነው።

2ኛ/ መኪናቸው ቆሞ ሳለ፣ በካቴና አስረው በሰፈሩ መሃል በእግሩ ስለነዱት አመሰግናለሁ። ትንሿ ልጁ አባቷ ምን እንደሰረቀ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

3ኛ/ በማግስቱ «ሂድ» ብለው ሲለቁት፣ ይቅርታ የምትባለውን ቃል ሳያባክኑ ስላስቀሯት አመሰግናለሁ።

ፖሊስ ይጠላል እንዳይሉኝ። አምና በቀይ መብራት ስሻገር አንዲት የትራፊክ ፖሊስ ያዘችኝ። አባባ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ጥፋቴን አስረዳችኝ፣ ያን ሁሉ ሰበቤን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ ቀጣችኝ። መርቄያት ሄድኩ። የእርስዎ ሰዎች ልጄን ያለ ቅጣት ለቀቁት፤ እኔ ግን ለምርቃት አፌ አልከፈት አለኝ። ሰውን የሚያስቀይመው ቅጣት አይደለም፣ መናቅ ነው።

ትናንት ደግሞ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ባልቴት በተቆለፈ ቤት ውስጥ ወድቀው ሲጣሩ ልጄን ጠራነው። መሣሪያውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ እጁን ወደ በሩ መስደድ ግን አቃተው። ፖሊስ እንጥራ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። በሩን በመጥረቢያ እስክንሰብር ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ነፍሳቸው ተርፏል፤ ሐኪሞቹ ግን ቶሎ ቢደርሱ ኖሮ ብለው ዝም አሉ። ይህን ዝምታ ለእርስዎ ልኬልዎታለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎችዎ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ በነርሷ በር ላይ ቆመው ልጄን «አጥፍተናል» ይበሉት። ጥፊው በአደባባይ ነበርና ይቅርታውም በጓዳ አይሆንም።

እስካሁን በምንም ያልተጠረጠረው፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎ፣ ጆሮዎንም እንዲከፍትልዎ የሚጸልየው
የቁልፍ ሠሪው አባት

ሳልረሳው፦ ልጄ በተለቀቀ ጊዜ የካቴናው ቁልፍ ጠፍቶ ጣቢያው ሲተራመስ፣ ካቴናውን ከገዛ እጁ ላይ የከፈተው ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሙያውን የተጠራጠረ አልነበረም።